የእትዬ ደብሬ የጭድ አረቄ

እትዬ ደብሬ ማረፋቸውን የሰማሁት ወረታ መገንጠያው ላይ ነው። ከደብረ ታቦር በጭነት መኪና መጥቼ ስወርድ ሁለት የቀያችን ሰዎች አገኙኝና፣ "ሞላ፣ ቶሎ በል፤ ጎረቤትህን ልንቀብር ነው" አሉኝ። እትዬ ደብሬ ከፍል ውሃው ሲመለሱ፣ የጉማራን ወንዝ ሳይሻገሩ፣ መንገድ ዳር አረፍ እንዳሉ በዚያው ቀርተዋል። ጭናቸው ላይ በጭድ የተጠቀለለ ቅል ነበር።

"ቅሉ ውስጥ የነበረውስ?" አልሁ።

"እሱማ ጭቃ ነው" አለኝ አንደኛው። "ደፋነው። ገና ሞቅ ይል ነበር።"

ሰው ሞተ ሲባል ስለ ጭቃ የሚጠይቅ አይተው እንደማያውቁ ፊታቸው ይናገር ነበር። አልፈረድሁባቸውም። ያ ጭቃ ምን እንደሆነ በፎገራ ሜዳ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ሞቱ። ሁለተኛው እኔ ነኝ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ፣ ብቻዬን ነው። የተሰበረ አጥንት አቀናለሁ፤ ጉድጓድ የት ቢቆፈር ውሃ እንደሚወጣ መሬቱን አይቼ እናገራለሁ፤ በአካባቢያችን ራዲዮ ፈትቶ መልሶ በመግጠም የቀደመኝ የለም። ዛሬም ዲግሪ የጫኑ ልጆች ከወረታ ድረስ እየመጡ ይጠይቁኛል። ታዲያ በዕድሜዬ ካየኋቸው ሰዎች በዕውቀት የበለጠኝ ማን እንደሆነ ብጠየቅ፣ መልሴ ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት አረቄ አውጭ ናቸው። ይህን በሕይወት ሳሉ አልነገርኋቸውም።

ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚያደርጉ ሴት ነበሩ። ማናቸውንም ነገር ከማየታቸው በፊት ይዳስሱታል። የጭድ ክምር፣ የታመመ በሬ ጎን፣ የሰው ግንባር፣ ሁሉንም በእጃቸው መዳፍ ነክተው፣ ትንሽ ቆይተው ነው የሚናገሩት። አንድ ሰው ምክር ሊጠይቃቸው መጥቶ ከቸኮለ፣ "ቆይ እስቲ፣ ትናገር" ይላሉ፤ ድፍድፉ ያለባትን ጋን ማለታቸው ነው። ጆሯቸውን ጋኗ ላይ ለጥፈው ያዳምጡና ከዚያ በኋላ ወደ ሰውየው ይመለሳሉ።

እኔን "ሊቁ" ይሉኝ ነበር። በመጀመሪያ ምስጋና ይመስለኝ ነበር።

"ሊቁ፣ ዛሬ ጋዜጣህ ምን ይላል?"

"ሰዎች መንኮራኩር ወደ ሰማይ ላኩ ይላል፣ እትዬ።"

"ደርሳ ምን አመጣች?"

"ገና አልተመለሰችም።"

"ስትመለስ ንገረኝ" ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ቤታችን ከቁሐር ሚካኤል በታች፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ነው። የእሳቸውና የእኔ ግቢ በአንድ አጥር ይዋሰናል። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል። እንጉዳይ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። የርብ ወንዝ ሜዳውን ሞልቶ አዝመራውን በወሰደበት ዓመት፣ ቤታቸው የቀረችውን ዳጉሳ አብቅለው ጋን ውስጥ ጨመሯት። አረቄው ሲሸጥ ሁለት እጥፍ እህል ይገዛልኛል ብለው ነው፤ አረቄ አውጭ ሁሉ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ድፍድፉ ሳይደርስ እንጉዳይ በረሃብ ሞተች። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ጌሾ ሲለቅሙ የሚያወሩ መስለው።

"ልጄ ስትሞት እህሉ ጋን ውስጥ ነበር" አሉኝ። "እኔ ነኝ የከተትሁት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ፍሬ እህል ጋናቸው ውስጥ አልገባችም። ሙያቸው ግን ያ ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚያውቁት ሥራ የለም።

ለጉልበታቸው ሕመም ከጉማራ ማዶ ወዳለው ፍል ውሃ የሄዱት በሐዘናቸው ዓመት ነው። ሕመምተኛ ሁሉ እዚያ ጎጆ ቀልሶ ሰባት ቀን ይሰነብታል። ደንገል በሚሉት የሐይቅ ዳር ሣር የተከደነ አንድ አሮጌ ጎጆ ውሃው ከሚፈልቅበት ዓይን ሥር ወድቆ፣ እየፈላ ባለው ጭቃ ውስጥ በስብሶ ኖሯል። እትዬ ደብሬ በዚያ ሲያልፉ አተላ ሸተታቸው። ጠላ የጠመቀ፣ አረቄ ያወጣ በአካባቢው የለም። ሽታውን ተከትለው እጃቸውን ጭቃው ውስጥ ከተቱ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር በዚያ ቀን ተቃጥሎ ወልቆ ተመልሶ አልበቀለም። እሳቸው ግን ጥፍሩን ሳይሆን ሽታውን ይዘው መጡ።

ከጭቃው በቅል ሞልተው፣ እንዳይበርድ በጭድ ጠቅልለው፣ ሳያርፉ ቤታቸው ደረሱ። የመጀመሪያው በረደባቸው፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በእኛ ሜዳ ጎርፍ የነካውን ጭድ ከእበት ጋር የከመረ ሰው፣ ክምሩ ውስጡ እየጋለ ጠዋት ጠዋት ሲጨስ ያየዋል። እጅ ቢያስገቡበት አያስችልም። እትዬ ደብሬ ጋናቸውን እስከ አንገቷ እዚያ ክምር ውስጥ ቀበሯት። ለጋኗ የሚሰጧትም ከብት የማይቀምሰውን፣ ጎርፍ ያበላሸውን ጭድና ደንገል ነው፤ ከትፈው፣ በሙቅ ውሃ አርሰው። ስትኮመጥጥባቸው እፍኝ አመድ ይጨምሩላታል። አየር እንዳይገባ አፏን በጭቃ መርገው አንድ መቃ ብቻ ይተዉላታል፤ የመቃው ጫፍ ውሃ በያዘ ቅል ውስጥ ይነከራል። ሲሠራ ውሃው ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል።

"ትተነፍሳለች" ይሉ ነበር።

ደግሞ ጋኗን ሙሉ ለሙሉ ባዶ አያደርጓትም። ሢሶውን አስቀርተው በዚያ ላይ ነው አዲሱን ጭድ የሚጨምሩት።

ከአንድ ሙሉ ጋን መጀመሪያ ያወጡት አረቄ አንዲት ስኒ አይሞላም ነበር። የቀመስሁት እኔ ነኝ።

"እህ፣ እንዴት ነው?"

"ዝናብ የመታው በሬ ይሸታል፣ እትዬ።"

"ያሞቃል?"

ትንሽ ጠበቅሁ። ደረቴ ሞቀ። "ያሞቃል።"

"እንግዲያው አረቄ ነው" ብለው ሳቁ። እንጉዳይ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። በአራተኛው ዓመት አንድ ጠርሙስ ሙሉ ያወጡ ጀመር። ሁለት ጊዜ ሲያወጡት ያ ሽታው ይተወዋል። ወረታ የነበረ አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ለመርፌ ማጽጃ ይወስድ ነበር፤ ከጭድ ነው ስንለው ግን ይስቅብናል።

ከዚያ ርብ እንደገና ሞላ። ዳጉሳው ከነአገዳው ተወሰደ፣ ጤፉ ቆሞ በሰበሰ። ሽማግሎች ዋርካው ሥር ተቀምጠው፣ አዲስ እህል እስኪደርስ ማንም ሰው እህል ጋን ውስጥ እንዳይጨምር ወሰኑ። ትክክል ወሰኑ፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ነገር ግን በሳምንቱ ከእትዬ ደብሬ ቤት አረቄ ሸተተ። አያ ድረስ የሚባሉ፣ አፋቸው የማያርፍ ሽማግሌ፣ ቄሱን አባ ወርቁንና ሌሎች ሦስት ሰዎችን አስከትለው መጡ።

"ደብሬ፣ ሰው ጓያ ቀቅሎ በሚያድርበት ዓመት አንች አረቄ ታወጫለሽ?"

"አወጣለሁ፣ አያ ድረስ። ከጭድ።"

"ከጭድ! እኔስ በሬዬ ለምን እንደሚንገዳገድ ግራ ገብቶኝ ነበር።"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር። አያ ድረስ ግን ሳቁ ሲጣፍጣቸው አላቆሙም።

"ልጅሽ ሞታ እንኳ አልተማርሽም?"

ሳቁ ቆመ። እትዬ ደብሬ መዳፋቸውን ክምሩ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

"በፊታችሁ እሞላዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "በማኅተም አትሙት። በፊታችሁ ክፈቱት፣ በፊታችሁ ይውጣ። አንዲት ፍሬ ከተገኘብኝ ልጄን ሁለት ጊዜ ገድያታለሁና ከቀያችሁ አስወጡኝ።"

አባ ወርቁ፣ "ይሁን፣ ይታይ" አሉ። በሳምንቱ ተቀጣጠሩ።

በመካከሉ ይፋግ ያሉት የእህታቸው ተዝካር ደረሰ። መቅረት አይችሉም። ሲሄዱ አጥሩ ላይ ሆነው ጠሩኝ።

"ሊቁ፣ ክምሩ እንዳይበርድ በየቀኑ ትኩስ እበት ጨምርበት። ጋኗን ግን አትንካት።"

"እኔን ነው የሚያስጠነቅቁኝ?" አልሁ።

"አንተን ነው" አሉ።

እበቱን በደንብ ጨመርሁ። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሽማግሎቹ ነገ ይመጣሉ፤ ጋኗን አጎንብሰው ያያሉ። ምርጊቱን አንሥቼ ውስጧን አየሁ። ግድግዳዋ በሙሉ እንደ ቀንድ አውጣ ልጋግ የሚያዳልጥ፣ ቢጫና ጥቁር የተቀላቀለበት እድፍ ለብሷል። የዓመታት እድፍ ነው። በአገራችን ሴት የምትመሰገነው በጋኗ ንጽሕና ነው፤ ባልታጠበና ባልታጠነ ጋን የጠመቀች ሴት ስሟ እንዴት እንደሚነሣ እናውቃለን። ይህን የመሰለ ጋን አያ ድረስ ካዩማ አለቀ አልሁ። ደግሞ አረቄው የሚያንሰው በዚህ እድፍ ምክንያት ነው ብዬ በራሴ ዕውቀት ደመደምሁ። ደስ አለኝ። እሳቸው በአራት ዓመት ያላወቁትን እኔ በአንድ እይታ አወቅሁት።

ባለቤቴ፣ "አትንካት ብለውህ የለ? ተዋት" አለችኝ።

"አንች ዝም በይ፤ ጋን ማጠብ ደግሞ ሊያስቆጣ!"

አተላውን ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። በግራዋና በአሸዋ ሦስት ጊዜ ፈተግሁ። የእኔ ሥራ ግማሽ አይደለም፤ ሸክላዋ እንደ አዲስ ቀላች። ከዚያ በወይራ አጠንኋት፣ ሽታዋ ግቢውን እስኪሞላ። መልሼ ክምሩ ውስጥ ቀበርኋት።

በማግስቱ እትዬ ደብሬ ከይፋግ ሲገቡ ሽማግሎቹ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ጋኗ ሄዱ። ወይራው ከሩቅ ሸትቷቸው ነበር መሰለኝ፣ እርምጃቸው መሐል ላይ ተገታ። ቀረቡና እጃቸውን አስገብተው ግድግዳዋን ዳሰሱ። እጃቸው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"አጠብኋት፣ እትዬ" አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "አጥኛታለሁም።"

"እንዲህ ያለ ንጹሕ ጋን አይቼ አላውቅም" አሉ አያ ድረስ ሳይቀሩ። "ተባረክ፣ ሞላ!"

እትዬ ደብሬ ወደ እኔ ዞሩ። "እጅህ ይባረክ" አሉኝ፣ በጣም ቀስ ብለው።

እትዬ ደብሬ አሁን ጋኔ ሞታለች ብለው ሽማግሎቹን ቢመልሱ፣ ደብሬ ፈርታ ነው ይባላል። ስለዚህ ሞሏት። ጭዱን ሰዎቹ እፍኝ በእፍኝ አገላብጠው አዩ። ተመረገች፤ አባ ወርቁ የእጅ መስቀላቸውን እርጥቡ ጭቃ ላይ አሳርፈው አተሙ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሊመጡ ተስማሙ።

በየማለዳው እየሄድሁ እመለከት ነበር። ክምሩ ይጨሳል፤ መቃው የተነከረበት ውሃ ግን ዝም ብሏል። በሦስተኛው ቀን እትዬ ደብሬ ከቅሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ሊቁ፣ ግራዋ ነው?"

"ግራዋ ነው።"

"ወይራም?"

"ወይራም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዘሯ እዚያ ነበረች። እድፉ ውስጥ።"

"እድፍ እንዴት ዘር ይሆናል፣ እትዬ?"

"ሚስትህ የሊጡን ቡሃቃ በግራዋ ትፈትጋለች?"

አትፈትግም። እርሾው እንዳይጠፋ ሁልጊዜ ትንሽ ታስቀራለች። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ "እኔም የሰው ጋን ቢሆን አጥብ ነበር" አሉና ተነሥተው ገቡ።

አሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ማኅተሙ እንዳለ ነው። በፊታችን ከፈቱ፤ ድፍድፉን ወደ ማሰሮው ገለበጡ፤ መቃውን ገጠሙ፤ ኩበቱን አነደዱ። ጠብታው ሲጀምር ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። አያ ድረስ የመጀመሪያውን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

"ውሃ ነው" አሉ። "ትኩስ ውሃ።"

ሌሎቹም ቀመሱ። ውሃ ነው።

"ጋኗ ስለታጠበች ነው" አሉ እትዬ ደብሬ። "ሥራውን የሚሠራው እድፉ ውስጥ ነበር። በሕይወት ያለ ነገር ነው፤ ሙቀት ይወዳል፣ ጭድ ይበላል። ታጥቦ ሞተ።"

ሰዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። "ጋን በመታጠቧ አረቄ እምቢ አለች!" ይላል አንዱ፤ ሌላው ጭኑን ይመታል። ያልሳቁት አባ ወርቁ ብቻ ናቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

"ሞላ፣ ከመካከላችን ያነበብህ አንተ ነህ። ጋን ሲታጠብ የሚሞት እንዲህ ያለ ነገር አለ?"

ሁሉም እኔን አዩ። በዚያ ሜዳ ላይ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። አለ ብል፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለቴ ነው፤ ያውም ፊደል ያልቆጠሩ ሴት አስጠንቅቀውኝ። እትዬ ደብሬ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንደ ጋናቸው እኔን ያዳምጡ ነበር።

"እንዲህ ያለ ነገር በየትም አላነበብሁም፣ አባቴ" አልሁ።

ቃሌ እውነት ነበር። አላነበብሁም። ግን አውቅ ነበር።

እትዬ ደብሬ መቃቸውን ነቅለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"እንግዲህ ሊቁ ካላነበበው የለም" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከቀየው አላስወጧቸውም። ከዚያ የከፋ አደረጉ፤ አመኑ። ለዓመታት እህል ሲደብቁ እንደኖሩ፣ ልጃቸው የሞተችበትንም ኃጢአት እየደገሙ እንደነበር ሁሉም አመነ። ከቤታቸው እሳት የሚጭር ጠፋ። እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ አጥር በኩል አያሳልፉም። እሳቸው ማንንም አልተማጸኑም። ቅላቸውን በጭድ ጠቅልለው ወደ ፍል ውሃው ወረዱ። ሲመለሱ ጉማራ ሞልቶ ስላቆያቸው ጭቃው በረደባቸው። ሁለተኛውም ጉልበታቸው አላደርስ ብሏቸው በረደ።

"እኔ ላምጣልዎት፣ እትዬ" አልኋቸው። "እኔ ፈጣን ነኝ።"

የቀኝ እጄን ያዙና መዳፌን ገልብጠው አዩት።

"አይ፤ ያንተ እጅ ንጹሕ ነው" አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር። ያን ፈገግታ ስንት ዓመት ተሸከምሁት!

በሦስተኛው ጊዜ መንገድ ላይ ቀሩ። ቅሉ ሞቅ እንዳለ።

ዓመታት አለፉ። አንድ የግብርና ሠራተኛ ቤቴ አድሮ የተወልኝ መጽሔት ላይ አነበብሁት። ባክቴሪያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ። ከእነሱም ውስጥ ፍል ውሃንና የጋለ ክምርን የሚወዱ፣ አየር የሚገድላቸው፣ ሴሉሎስ የሚባለውን የጭድና የሣር አካል በልተው አልኮል የሚያወጡ አሉ። ምሁራን እህል ሳይነካ ከገለባ ነዳጅ ለማውጣት በእነሱ ይደክማሉ፤ የሚያወጡት ግን ገና ጥቂት ነው ይላል። አመዱ ብቻ አልተጻፈም። አመዱን እትዬ ደብሬ ያውቁት ነበር።

መጽሔቱን ይዤ አባ ወርቁ ዘንድ ሄድሁ። አርጅተው ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁላቸው፤ ከዚያ ማጠቤን፣ ማወቄን፣ አለመናገሬን ሁሉ ነገርኋቸው።

"ያን ቀን አለ ብትለኝ አምንህ ነበር" አሉ።

"ሳላነበው፣ አባቴ?"

"ሳታነበው።"

የእትዬ ደብሬ ጋን እኔ ቤት ናት። ወራሽ አልነበራቸውምና ሽማግሎቹን ለምኜ ወሰድኋት። በየክረምቱ ክምር ውስጥ እቀብራታለሁ፤ ከፍል ውሃው ጭቃ እያመጣሁ፣ ጭድ እየከተፍሁ፣ አመድ እየጨመርሁ እጠብቃለሁ። አጥንት ያቀናሁ፣ ራዲዮ የገጠምሁ ሰው ነኝ፤ መቃው ግን አንድም ቀን ቡልቅ ብሎልኝ አያውቅም። ለትንሣኤ ቤቱ ሲጸዳ ምራቴ ግራዋዋን ይዛ በሩ ላይ ትቆምና፣ "አባባ፣ ይችንስ?" ትለኛለች፣ ውስጧን አይታ ፊቷን እየከሰከሰች። በየዓመቱ ትጠይቀኛለች፤ በየዓመቱም የምመልስላት አንድ ነው።

ሌላውን ሁሉ እጠቢ። እሷን ግን አትንኪያት።